ዘመድ የሌላት ገዢ

አዝኒቭ ተርዚያን አርመን ስደተኞች በበዙባት በግሌንዴል ከተማ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቬሎ ትሰፋለች፤ የሰፋ ታጠብባለች፣ የረዘመ ታሳጥራለች። ሙሽሮቹ ዱካ ላይ ይቆሙላታል። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ የቀሚሱን ጠርዝ ዙሪያውን ትሰካለች። አፉ በስፒል የተሞላ ሰው መልስ አይሰጥም፤ መልስ ለማይሰጥ ሰው ደግሞ ሁሉም ሆዱን ይዘረግፍለታል። በዚህ ምክንያት አዝኒቭ በከተማው ካሉት አርመኖች ሁሉ ብዙ የሰማች፣ ጥቂት የተናገረች ሴት ነበረች ማለት ይቻላል።

ባሏ ሚህራን በሕይወት ሳለ የመኪና ነገር አይመለከታትም ነበር። የተርዚያን ቤት እንደ ጎረቤቱ ሁሉ መኪና አይገዛም፤ በሊዝ ይከራያል። ሦስት ዓመት ይነዳና መልሶ አዲሱን ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሚህራን ታላቅ ወንድም በቫህራም እጅ ነው። ቫህራም የማያውቀው መኪና ሻጭ የለም። "ለእኔ ተወው" ይላል፤ ሳይውል ሳያድር መኪናው ደጅ ቆሞ ይታያል። ዋጋው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ወረቀቱ ይፈረምና ለቫህራም አንድ ጠርሙስ ኮኛክ፣ ለሚስቱ አንድ ሳጥን ባቅላባ ይላካል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ከባንክ የሚወጣውን ገንዘብ ማንም ጮክ ብሎ አያነሣውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሚህራን ልቡ አብጦ ብቻውን ሄዶ ነበር። ሻጩ አርመን ሆኖ ተገኘ፤ መጀመሪያ የጠየቀውም "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ነው። ሚህራን መለሰ። ከአያት ወደ ቅድመ አያት ሲወጡ፣ ከመንደር ወደ ሰፈር ሲወርዱ፣ የሁለቱም አያቶች ከአንድ ምንጭ ውኃ ይቀዱ እንደነበር ታወቀ። ተቃቀፉ። ከዚህ በኋላ "ትንሽ ቀንስልኝ" የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ሚህራን ቫህራም ከሚያስከፍለው በላይ ፈርሞ፣ ሻጩን ደግሞ ለዘመድ ልጅ ክርስትና ጠርቶት ተመለሰ። ሰውየው መጣ፣ በላ፣ ጨፈረ፣ ሩዙን ሳይሆን በጉን አመሰገነ። ሚህራን ሦስት ዓመት ከፈለ። "ከዘመድ ጋር ብላ፣ ጠጣ፣ አትገበያይ" የሚለውን ተረት አዝኒቭ ከእናቷ ሰምታው ነበር፤ እውነትነቱን ያየችው ግን ያን ጊዜ ነው።

ሚህራን ሞተ። ትቶላት የሄደው መኪና ጥቁር፣ ሰፊ፣ የሬሳ አጃቢ የሚመስል ነበር። አዝኒቭ እስከዚያ ድረስ መሪ የምትይዘው ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ ነው። ከሐዘኑ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ቢያንቃት፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ነዳች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እዚያ ላይ ስለ ራሷ የማታውቀውን ነገር አወቀች፤ እግሯ ልክ ያውቃል። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ኖራለች፤ ጨርቁ ሲታጠፍ ማላላት፣ ቀጥ ሲል ማጥበቅ። ለመንገዱም እንደዚያው አደረገችለት። ከባዱ ጥቁር መኪና ግን በየመጠምዘዣው እያቃሰተ ወደ ጎን ተንጋደደባት። በዚህ መሐል ዝቅ ያለች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ አራት በር ያላት ጀርመን ሠራሽ መኪና ከኋላዋ መጥታ፣ ጎማዋ ሳይጮህ፣ መንገዱን እንደ መቀስ እየቆረጠች አልፋት ሄደች። አዝኒቭ ዳር ይዛ ቆመችና እስክትሰወር ድረስ አየቻት።

የጥቁሩ መኪና ውል ማለቂያ ሲቃረብ ቫህራም እንደ ልማዱ መጣ። ብቻዋን ለምትኖር ሴት የሚሆን፣ ከፍ ያለ፣ ዝግ ያለ መኪና አስቦላታል። "ለእኔ ተዪው" አላት።

"ስንት ነው?" አለችው አዝኒቭ።

ቫህራም ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ የተከረከመ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። የሰማውን ሊያምን አልቻለም።

"ከእኔ ዋጋ ትጠይቂያለሽ?"

"ከፋዩ እኔ ነኛ።"

"ሚህራን እንኳን ጠይቆኝ አያውቅም።"

"ሚህራን አልጠየቀም፤ እኔ ግን ወረቀቱን አየሁት፤ በየወሩ ስምንት መቶ ዘጠና ዶላር ስንከፍል ኖረናል። ወንድም ቫህራም፣ ሌባ ነህ አላልኩም። አንተም የጠየቅህ አይመስለኝም።"

ቫህራም ኮቱን አነሣ። የፈለገችው መኪና የትኛው እንደሆነ ሲሰማ ግን ከበሩ ተመለሰ። ያ የጎረምሳ መኪና ነው አለ፤ ባሏ የሞተባት የአምሳ ስምንት ዓመት ሴት በሱ ስትበር ሰው ምን ይላል አለ። እሷም ሰው የሚለውን ሲጨርስ ይነግረኛል አለችው።

ያሰበችውን ቁርጥ አድርጋ አስባለች። ያቺን ጥቁር ሰማያዊ መኪና፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ በወር ከስድስት መቶ ሃምሳ ባልበለጠ፤ ከሱቋ ገቢ፣ የማንም ባለውለታ ሳትሆን። ካልሆነ በእግሯ። አንዲት ሙሽራ፣ ቀድሞ በመኪና ሻጭ ቤት የሒሳብ ክፍል ትሠራ የነበረች፣ ዱካው ላይ ቆማ የነገረቻት ነገር አለ። ሻጩ ስለ ወር ክፍያ ሊያወራሽ ይፈልጋል፤ አንቺ የመኪናውን ዋጋ ጠይቂ፤ ደግሞም ብድግ ብሎ መሄድ የማይችል ሰው ባይደራደር ይሻለዋል። አዝኒቭ በዚህ ላይ የራሷን አንድ ነገር ጨመረችበት፤ የማን ልጅ እንደሆነች ለማንም አትናገርም።

ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ጥቁሩን መኪና ወደ ሻጩ ቤት ነድታ ሄደች። ቁልፉን አስረከበች፣ ደረሰኝ ተቀበለች፣ ከዚያ አዲስ መኪና ማየት እፈልጋለሁ አለች። የተላከላት ሻጭ ሴቫክ የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነበር። ስሟን ሲያነብ ፊቱ በራ።

"ተርዚያን! የየትኞቹ ተርዚያኖች ነዎት እትዬ?"

"ብዙ ነን።"

"ንግግርዎ የቤይሩት ነው። ልክ ነኝ?"

"ንግግሬ የሠራተኛ ነው። ያቺን ሰማያዊ አሳየኝ።"

ወደ መኪናዋ እየሄዱም አላቆመም። እናቱ ከቤይሩት ናት፣ አባቱ እዚህ ያልዳረው ሰው የለም፣ ምናልባት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጸልዩት። አዝኒቭ ጎማውን ታያለች። በመጨረሻ ሴቫክ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እትዬ፣ የማን ልጅ ነዎት? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ገዢ ነኝ።"

"ገዢ እናት የለውም?"

"አለው። ዛሬ ግን አብራኝ አልመጣችም።"

ሴቫክ ሳቀ፤ ግን ግራ ገባው። በግሌንዴል ከአርመን ልጅ ጋር አርመንኛ እያወሩ ዘርን መደበቅ፣ ሰላምታ እንደ መንሳት ነው። የሚይዝበት አጣ።

መኪናዋን ልትሞክር ወጡ። ሴቫክ ከጎኗ ተቀምጦ ስለ ወንበሩ ቆዳና ስለ ሙዚቃው ይተርካል። ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ተራራው ግርጌ ሲደርሱ አዝኒቭ እግሯን ጫን አደረገች። ወሬው ተቋረጠ። መጠምዘዣው ላይ አላላች፣ ሲወጡ አጠበቀች፣ መኪናዋም ልክ በመርፌ እንደተወጋ ጥሩ ጨርቅ ሳትጨማደድ ሄደችላት። ሴቫክ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

"የት ነው መንዳት የተማሩት?" አለ ሲመለሱ፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

"ቬሎ ስሰፋ።"

ከዚያ ጠረጴዛው መጣ። ሴቫክ በወር ስንት ለመክፈል እንዳሰበች ጠየቃት። እሷ የመኪናዋ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ያ አሁን አያስፈልግም፣ እርስዎን የሚመለከትዎ የወሩ ነው አለ። እሷ ሁሉም ይመለከተኛል አለች። ሴቫክ አለቃዬን ላነጋግር ብሎ መስታወት ወዳለው ክፍል ገባ። ሰው በዚህ ጊዜ ብቻውን ቁጭ ብሎ መኪናዋን እያየ እንዲመኝ ነው ሥርዓቱ የተሠራው። አዝኒቭ ከቦርሳዋ የአንዲት ሙሽራ ዓይነ ርግብ አውጥታ ጠርዙን መጥለፍ ጀመረች።

ሴቫክ ተመለሰ። ሰባት መቶ ሰማንያ፣ ቅድሚያ ሦስት ሺህ። ክሯን ሳትበጥስ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። የመኪናዋ ዋጋስ አለችው። እንደገና ሄደ። እንደገና መጣ። ቅድሚያው ቀረ፣ የወሩ ግን ወደ ላይ ወጣ። ይህ ያው ነው፤ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ አለቃው፣ ዶኔሊ የሚባል ራሰ በራ ሰው፣ በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ጠላፊዋን ተመለከተ። ዓይነ ርግቡ ጠረጴዛውን አልፎ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ሌሎች ገዢዎች "ይህ ምን ይሆን?" እያሉ ይዞሩ ነበር።

በመጨረሻ የመኪናዋ ዋጋ ተነገራት፤ እዚያው ዝቅ እንዲል ጠየቀች፤ ትንሽ ዝቅ አለ። የወሩም ሰባት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ሴቫክ ከዚህ በታች ከደመወዜ ነው የሚወጣው ብሎ ማለላት።

"ስድስት መቶ ሃምሳ" አለች አዝኒቭ።

"እትዬ፣ በእናቴ!"

"እናትህን ተዋት፤ የኔም ቀርታለች።"

ሴቫክ ወንበሩን ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመጨረሻ ጥይቱን ነበር የሚተኩሰው። "ቁልፍዎን እኮ አስረክበዋል። አሁን ቤትዎ በምን ሊሄዱ ነው?"

አዝኒቭ ዓይነ ርግቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያው ቦርሳ ጠፍጣፋ የሸራ ጫማ አውጥታ፣ ተረከዝ ያለውን አውልቃ፣ በቀስታ ለወጠች።

"በእግሬ።"

"በእግር?" አለ ሴቫክ፣ በጀልባ ያለችው ይመስል።

ስልኳን ጽፋ ሰጥታው ወጣች።

ሐምሌ ነው። የግሌንዴል ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ መኪና የሚሸጥ ቤት እንጂ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ የለም፤ በእግሩ የሚሄድም ሰው የለም። አዝኒቭ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ስትሄድ መኪኖች ዝግ እያሉ ያዩዋታል። ሱቋ ሳትደርስ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አንዷ መኪናሽ ተበላሸ ወይ አለች፤ አንዷ ባንኩ ወሰደብሽ ሲሉ ሰማሁ፣ ዋሽተው ነው አይደል አለች፤ ሦስተኛዋ ምንም ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች።

አራተኛው ቫህራም ነበር፤ እሱ አልደወለም፣ ራሱ መጣ። መኪናውን ከዳር አስጠግቶ መስኮቱን አወረደ።

"ግቢ።"

"ደርሻለሁ።"

"አዝኒቭ ጃን፣ እኅቴ፣ ግቢ፣ አታዋርጂን። የወንድሜ ሚስት እንደ ፖስተኛ በፀሐይ ስትዞር ሰው አየ።"

"ፖስተኛም መኪና አለው።"

ቫህራም ከመኪናው ወርዶ ከጎኗ መሄድ ጀመረ፤ የተተኮሰው ሸሚዙ ወዲያው ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ማን እንዳነጋገራት ጠየቀ። ሴቫክ የሚባል ልጅ ነው አለችው። ቫህራም ቆመ፤ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

"ሴቫክ? የሃሩት ልጅ? የአባቱ ሚዜ እኮ እኔ ነበርኩ! አንድ ስልክ ብደውል ነገ መኪናው ደጅሽ ነው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩት።" አዝኒቭም ቆመች። "ስማኝ ወንድም ቫህራም። ከደወልክ ልጁ ያፍራል፣ አንተ ታፍራለህ፣ እኔ አፍራለሁ፣ ሦስታችንም አፍረን ዋጋው ተሸፍኖ ያልፋል። ሚህራንን የወሰደው ሌላ ነው፤ ገንዘቡን የወሰደው ግን ይህ እፍረት ነው። ውለታ ልትሠራልኝ ትፈልጋለህ?"

"ሌላ ምን ስፈልግ ኖሬ?"

"አፍህን ዝጋልኝ። ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለህም።"

ቫህራም ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ወደ መኪናው ተመለሰ፤ እስከ ሱቋ ደጅ ድረስ ግን ከኋላዋ በእርምጃዋ ልክ እየነዳ ሸኛት። ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ጡሩንባ ቢነፉም አልሰማም።

ያን ሳምንት አዝኒቭ በአውቶቡስና በእግሯ ኖረች። ጠዋት ጠዋት ተረከዟ ይቃጠላል፤ ከሰዓት በኋላ የሙሽሮቹን ቀሚስ ለማድረስ ቦርሳ ተሸክማ ትወጣለች። አንዷ የሙሽራ እናት እንደዚህ ተቸግረሽ አላየሁም ብላ ገንዘብ ልትጨምርላት ስትል፣ አዝኒቭ መልሳ ሰጠቻትና ተቸግሬ ሳይሆን የምጠብቀው ነገር ስላለኝ ነው አለቻት። ማታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ ልቧ አንዳንዴ ይከዳታል። ሰባት መቶ ሃያ እኮ ከስምንት መቶ ዘጠና ይሻላል፤ ምን ያንገበግብሻል ይላታል። መልሳ ደግሞ፣ ያ ቁጥር የነሱ ነው፤ የኔ ስድስት መቶ ሃምሳ ነው ትለዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደ ሁልጊዜው የመኪና ትርኢት ሆነ። አዝኒቭ ከአውቶቡስ ወርዳ በበሩ ስትገባ ወሬው ጋብ አለ። ሴቫክ እናቱን ሊወስድ መጥቶ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ አያትና በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ። ቫህራም በሁለቱ መካከል ነበረ። የወንድሙን ሚስት አየ፣ ሚዜ የሆነለትን ሰው ልጅ አየ። አፉን ከፈተ። ቫህራም ስለ ሙቀቱ ተናገረ፤ ዘንድሮ የአፕሪኮቱ ፍሬ ቶሎ እንደበሰለ ተናገረ፤ ከዚያም ለማንም ሳይሰናበት ወደ መኪናው ሄደ። አንድን ነገር ያወቀ ቫህራም ያወቀውን ሳይናገር ከሰው መሐል ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ሴቫክ ደወለ። ስድስት መቶ ዘጠና አለ። አዝኒቭ አፏ ውስጥ ስፒል ነበረ። ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ፣ "ስድስት መቶ ሃምሳ፤ አሁን ከሙሽራ እግር ሥር ነኝ" ብላ ዘጋችው። ከምሳ በኋላ መልሶ ደወለ። አለቃው ዛሬ አንድ መኪና ካልወጣ የወሩ የሽያጭ ኮታ እንደማይሞላለት፣ በዚህም ላይ ያቺን ጠላፊ ሴት እንዳልረሳት ነገራት። ይምጡ አላት።

በአውቶቡስ ሄደች። ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበች፤ የማይገባትን ጠየቀች፤ ያልጠየቀችው የቀለም መከላከያ የሚባል ነገር ተጨምሮ አገኘችና ጣቷን አስቀመጠችበት። ሴቫክ ሁሉም ያስገባዋል አለ። አዝኒቭ አልተቆጣችም፤ ቦርሳዋን ከፍታ የሸራ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዶኔሊ ከመስታወቱ ክፍል ራሱ ወጥቶ መጣና መስመሩን በብዕር ሰረዘው። ሌላ ወረቀት ታተመ። ስድስት መቶ ሃምሳ፤ ቅድሚያ የለም። ፈረመች።

ሴቫክ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣት። "አሁንስ? ገዢነቱ አለቀ እኮ። የማን ልጅ ነዎት?"

"የቤይሩቱ ልብስ ሰፊ የካራፔት ልጅ ነኝ፤ የሚህራን ተርዚያን ሚስት፣ የቫህራም የወንድሙ ሚስት።"

ሴቫክ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። "የአባቴ ሚዜ! እሑድ እኮ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቃል አልተነፈሰም!" አለ። ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ። "ያን ጊዜ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ እትዬ፣ ሻይ አጠጣዎት፣ እናቴ ጋ አስደውልዎት፣ በሰባት መቶ ሰማንያ እሸኝዎት ነበር። እርስዎም መርቀውኝ ነበር የሚሄዱት።"

"አሁንም እመርቅሃለሁ" አለችው፤ መረቀችውም።

በቀጥታ የነዳችው ወደ ቫህራም ቤት ነው። ባቅላባውን ለሚስቱ ሰጠች፤ ቫህራምን ና ውጣ አለችው። መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ኮፈኗን ዳሰሰ፣ ለአንድ ባልቴት ዝቅ ትላለች አለ፤ ገብቶ ግን ተቀመጠ። ወደ ተራራው ወጡ። በመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ ጢሙን ያዘ፤ በሁለተኛው ላይ ወንድሙን በስሙ ጠራ፤ ከሦስተኛው በኋላ መንገዱን ይመለከት ጀመር።

"እሑድ ስላደረግኸው አመሰግናለሁ" አለችው።

"ሊገድለኝ ነበር።" ዓይኑን ወደ መሪው ጣለ። "መጠየቁ ነውር ነው... ስንት ሆነ?"

"ስድስት መቶ ሃምሳ። ያለ ቅድሚያ።"

ቫህራም መስኮቱን አወረደ፤ ነፋሱ ሸሚዙን ነፋው። የሱ መኪና ከዚህች ያነሰች ናት፤ የሚከፍለው ግን ከዚህ በላይ መሆኑን አዝኒቭ ከዝምታው አወቀች። ዋጋውን ሳያይ የከፈለው የስንት ዓመት እንደሆነ እያሰላ ይሆናል፤ አልጠየቀችውም።

ላይ ሲደርሱ፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶ እያለ፣ ዞር ሳይል ተናገረ።

"የኔም ውል መስከረም ላይ ያልቃል። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ። አንድ ነገር ግን ትምልልኛለህ።"

"ምን?"

"የማን ልጅ ነህ ሲሉህ ዝም ትላለህ።"

ቫህራም የኮኛክ ጓደኞቹን ሁሉ፣ ሚዜነቱን ሁሉ፣ የሚያውቃቸውን ሻጮች ሁሉ አሰበ። "ከባድ ነው" አለ በመጨረሻ።

"የሸራ ጫማም ግዛ" አለችው አዝኒቭ፤ መሪዋንም አዙራ ቁልቁለቱን ተያያዘችው፣ መጠምዘዣው ላይ እያላላች፣ ቀጥታው ላይ እያጠበቀች።